የኤሌክትሪክ ቴንደር የሆድ ጋሻ፦ ከመክፈልዎ በፊት፣ ከመኪናው ስር ከመግባትዎም በፊት

ባለፈው ወር ከአንድ ቤት ሁለት ጥያቄዎች ደረሱን። ጠያቂዎቹ አሽዶድ የሚኖሩ አባትና ልጅ ናቸው። ስማቸውን አንጠቅስም።

አባት የ66 ዓመት ሰው ናቸው። በከተማው ዙሪያ ባሉ ሞሻቮች የአትክልት ቦታና የመስኖ ቱቦ እየተንከባከቡ ይተዳደራሉ። በቅርቡ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ቴንደር (ፒካፕ) ገዝተዋል። መንገዳቸው አስፋልት ብቻ አይደለም። በየእርሻው መካከል ባለው የአፈር መንገድ፣ በድንጋይና በቦይ ላይ ይነዳሉ። አንድ የመኪና ዕቃ ሻጭ ደውሎ «ባትሪህ ከስር ተጋልጧል፤ አንድ ድንጋይ ከነካው መኪናህ አበቃ» አላቸው። ከዚያም የሆድ ጋሻ፣ የጎን ብረት፣ የፊት መከላከያ ብረትና መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ በአንድ ጥቅል በ11,000 ሸቀል አቀረበላቸው። «ልክፈል ወይስ ልተው?» ብለው ጠየቁን።

የልጃቸው ጥያቄ ደግሞ የሥራ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በሚገጥም ሌላ ሙሳክ (ጋራዥ) ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። «አለቃዬ ትራፓኖ ሰጥቶኝ ‹ከኤሌክትሪክ መኪናው ስር ግባና ብሳ› አለኝ። ብርቱካናማ ሽቦ ሳይ ደንግጬ ወጣሁ። ፈሪ ተባልኩ። ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?» ሲል ጽፎልናል።

ለወንድማችን መልሱን አስቀድመን እንስጥ፦ ልክ ነህ። ለአባትህ ያለን መልስ ግን «አዎ» ወይም «አይ» በሚል አንድ ቃል አያልቅም። ለሁለቱም የሚሆነው ትምህርት አንድ ነው፤ የጋሻው ጥቅም በውፍረቱ ብቻ አይለካም፣ በአገጣጠሙም ነው። ባትሪን ለመጠበቅ ብሎ ባትሪን የሚበሳ ጋሻ ከጋሻ አልባነት ይብሳል።

ሆዱ ለምን ይፈራል?

በቤንዚን ወይም በናፍጣ በሚሄድ መኪና ስር የሚፈራው የዘይት ቋቱ፣ የማርሽ ሳጥኑና የነዳጅ ታንከሩ ነው። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ባለው ወለል ስር ሰፊና ጠፍጣፋ ባትሪ ይዘዋል። ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃም ይኸው ባትሪ ነው። በብዙ መኪናዎች ማቀዝቀዣው ውሃ የሚያልፍበት ክፍል ከባትሪው ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ከስር የሚመጣ ምት ላሜራ አጉብጦ ብቻ ላያበቃ ይችላል።

ይህ ስጋት ሻጮች የፈጠሩት ወሬ አይደለም። በ2013 መጨረሻ በአሜሪካ ሁለት የቴስላ ሞዴል ኤስ መኪናዎችን መንገድ ላይ የነበረ ብረት ከስር ወግቷቸው ባትሪያቸው በእሳት ተያያዘ። አሽከርካሪዎቹ በሰላም ወጥተዋል። ኩባንያው በማርች 2014 ከባትሪው ስር የአልሙኒየምና የቲታኒየም ተጨማሪ መከላከያ በሦስት ደረጃ እንደሚገጥም አስታወቀ። በ2023 ደግሞ በካናዳ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪ መከላከያ ሽፋኑ ተጎድቶ ባትሪውን ለመተካት 60 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ ተጠየቀበት። ይህ ከመኪናው ከራሱ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ሻጩ ስለ አደጋው የተናገረው እውነትነት አለው። ነገር ግን አደጋው እውነት መሆኑ የቀረበውን ጥቅል ሁሉ መግዛት ያስገድዳል ማለት አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ለአፈር መንገድ ታስበው የተሠሩ አንዳንድ የኤሌክትሪክ ቴንደሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የሆድ ጋሻ አላቸው። የአሜሪካው ሪቪያን የተጠናከረ የሆድ ጋሻ በአማራጭነት አቅርቧል፤ ፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግም ከስሩ የብረት መከላከያ አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የመኪናዎን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ወይም አስመጪውን (ይቡአኑን) «ይህ መኪና ከስር ምን መከላከያ አለው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያለዎትን ዕቃ ሁለተኛ እንዳይገዙ።

አራቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ እንያቸው

አንደኛው የሆድ ጋሻ ነው፤ በዕብራይስጥ ማገን ጋሖን ይባላል። ከባትሪው ወይም ከሞተሩ ስር የሚታሰር ወፍራም የብረት ወይም የአልሙኒየም ጠፍጣፋ ነው። የድንጋይ ምትን በሰፊ ቦታ ላይ በትኖ ወደ ሻንሲው ያስተላልፋል። ይህን እንዲያደርግ ግን መታሰር ያለበት ከሻንሲው ጋር እንጂ ከባትሪው ሳጥን ጋር አይደለም። በጋሻውና በባትሪው መካከልም ክፍተት መኖር አለበት፤ ክፍተት ከሌለ ምቱ በቀጥታ ወደ ባትሪው ያልፋል።

ሁለተኛው የጎን ብረት ነው። በበሮቹ ስር በመኪናው ርዝመት የሚታሰር ቱቦ ሲሆን የባትሪውን ጠርዝ ከጎን ድንጋይ ይጠብቃል። ለእርሻ መንገድ ይጠቅማል። ነገር ግን ጌጥ የሆነ የመወጣጫ ደረጃና የመኪናውን ክብደት መሸከም የሚችል የጎን ብረት ሲታዩ ይመሳሰላሉ። «በክሪክ መኪናውን በዚህ ላይ ማንሳት ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ የሚሸጥልዎት ደረጃ ነው።

ሦስተኛው የፊት መከላከያ ብረት ነው። የዛሬ መኪናዎች ከፊት ፓራውልታቸውና ከመስታወታቸው በስተጀርባ ራዳርና ካሜራ አላቸው። እግረኛ ድንገት ሲገባ መኪናው በራሱ ፍሬን የሚይዘው በእነዚህ ነው። ብረቱ ራዳሩን ከጋረደው ይህ ሥርዓት ሊሳሳት ወይም ሊጠፋ ይችላል። ጠንካራው ብረት እግረኛ ሲመታ ጉዳቱን ያብሳል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 በእነዚህ ብረቶች ላይ ልዩ መመሪያ ያወጣውም ለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ የፊት ብረት ከወለል ስር ያለውን ባትሪ አይጠብቅም።

አራተኛው መኪናውን ከፍ የሚያደርገው ዕቃ ነው። ሆዱን ከመሬት ያርቃል። በሌላ በኩል መኪናው ከፍ ሲል በመታጠፊያ ላይ ይበልጥ ያዘነብላል፣ ነፋስ ይበልጥ ይገፋዋል፣ በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ይቀንሳል፣ ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎችም ከተሠሩበት ማዕዘን ይወጣሉ። በዚህ አገር እንዲህ ያለው ለውጥ «ሺኑይ ሚቭኔ» ማለትም የተሽከርካሪ መዋቅር ለውጥ ነው፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴርን (ሚስራድ ሃታህቡራ) ፈቃድ ይጠይቃል።

ክብደቱን በእርሳስ እናስላ

ሻጩ «ወፍራም ብረት ነው» ሲል ደስ ይላል። ብረቱ ግን በየቀኑ አብሮዎት ይጓዛል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.3 ሜትር የሆነ ጋሻ እንውሰድ። ስፋቱ በጠቅላላ 2.6 ካሬ ሜትር ነው። በ4 ሚሊሜትር ብረት ከተሠራ 82 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በ6 ሚሊሜትር አልሙኒየም ከተሠራ ደግሞ 42 ኪሎ ያህል ነው። የጎን ብረቶችና የፊት ብረት ሲጨመሩ ጠቅላላው ከ150 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ማለት ሁለት ሰዎች ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር ተጭነዋል ማለት ነው።

ለአትክልተኛው አባታችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመኪናው ፈቃድ ላይ «ሚሽካል ኮሌል» የሚል ቁጥር አለ፤ መኪናው ከነጭነቱና ከነሰዎቹ ሊመዝን የሚችለው ከፍተኛው ክብደት ነው። ጋሻው የሚወስደው ኪሎ ከማዳበሪያው፣ ከቱቦውና ከማሽኑ ድርሻ ይቀነሳል። ባዶውን መኪና አስመዝነው ከዚያ ቁጥር ሲቀንሱ የቀረዎትን የመጫን አቅም ያውቃሉ።

የአሽዶድ ጨውና አሸዋ

አሽዶድ ላይ የሚኖር ሰው የበረንዳውን ብረት አይቶ የባሕሩን ጨው ያውቀዋል። ብረት ቀለሙ ከተላጠ ይዝጋል። አልሙኒየም በራሱ ጨውን የተሻለ ይችላል፤ ነገር ግን በብረት ብሎን ከታሰረ ጨዋማ እርጥበት ባለበት ሁለቱ ብረቶች በተገናኙበት ቦታ አልሙኒየሙ ይበላል። ስለዚህ ብሎኖቹ የተቀቡ መሆናቸውንና በመካከላቸው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ መኖሩን ይጠይቁ።

አሸዋና ጭቃ ደግሞ በጋሻውና በባትሪው መካከል ይከማቻል። ጥሩ ጋሻ ውሃና አሸዋ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው፤ ለማጠብም በቀላሉ ይፈታል። ብዙ ባትሪዎች በአደጋ ጊዜ በውስጣቸው የታመቀው ጋዝ የሚወጣበት መተንፈሻ አላቸው። ጋሻው ያንን መተንፈሻ ፈጽሞ መዝጋት የለበትም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጋሻ መግጠም በየትኛውም ቦታ ለመንዳት ፈቃድ አይሰጥም። በ1997 በወጣው ሕግ መሠረት ተሽከርካሪ ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ መግባት ክልክል ነው። ከከተማችን በስተ ደቡብ ያለው የኒጻኒም የአሸዋ ክምርም የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው።

ዋስትናና ኢንሹራንስ

ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ የእርስዎ ስንት እንደሆነ ከወረቀትዎ ያረጋግጡ። በእስራኤል በ2016 በወጣው የተሽከርካሪ ዘርፍ ሕግ መሠረት አስመጪው «ከእኔ ሙሳክ ውጭ ከሄድክ ዋስትናህ ይሰረዛል» ማለት አይችልም። ነገር ግን ጉዳቱ የመጣው ከተገጠመው ዕቃ ወይም ከተበሳው ቀዳዳ መሆኑ ከታወቀ ያንን ጉዳት ላለመሸፈን ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ የሚገዙት ጋሻ ለመኪናዎ ሞዴልና ዓመት የተሠራ፣ ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች ላይ ብቻ የሚታሰር ይሁን።

ማኪፍ ኢንሹራንስ ካለዎት ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ለወኪልዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የፊት ብረትም ሆነ ማንኛውም ዕቃ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ከመገጠሙ በፊት ይጠይቁ። «ሁሉም ሰው ይገጥማል» የሚለው የሻጩ ቃል ቴስት ላይም ሆነ ሻማይ (ገማች) ፊት አያገለግልም።

በስልክ ከገዙ መብትዎ ምንድን ነው?

በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለሚገዛ ሰው የመሰረዝ መብት ይሰጣል። ዕቃውን ወይም ዝርዝሩን የያዘውን ሰነድ ከተቀበሉበት ቀን፣ የዘገየው ተቆጥሮ፣ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይቻላል። ዕቃው ጉድለት ከሌለው ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው የመሰረዣ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰውን።

65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች፣ የአካል ጉዳት ያለባቸውና የዖሌ ሰርተፍኬት ካገኙ 5 ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች ደግሞ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ በርቀት ለተፈጸመ ግዢ አራት ወር አላቸው። በጽሑፍ መልእክት የተደረገ ንግግርም ይቆጠራል። አባታችን 66 ዓመታቸው ስለሆነ ይህ መብት የእርሳቸውም ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ነጥብ አለ። ዕቃው ለእርስዎ ተብሎ በልዩ ትእዛዝ ከተሠራ የመሰረዝ መብቱ አይሠራም። ሻጩ «በመኪናህ ልክ ቆርጠን እንሠራልሃለን» ካለ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ መጣ ማለት ነው፤ ዕቃው የታወቀ ሞዴል አይደለም፣ መመለሻም የለውም። ሱቅ ሄደው ሲገዙ ደንቡ የተለየ ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት የመመለሻውን ሁኔታ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሻጩ አልመልስም ካለ በአሽዶድ የሰላም ፍርድ ቤት ወደሚገኘው የትናንሽ ክሶች ችሎት ያለ ጠበቃ ክስ ማቅረብ ይቻላል። የሽያጭ ስልክ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ባዘጋጀው «አል ቲትቃሽሩ ኤላይ» መዝገብ ቁጥራችሁን አስመዝግቡ።

ከመኪናው ስር ለሚገባው ሠራተኛ

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ሽቦ ማለት ከፍተኛ ቮልቴጅ ማለት ነው። በመኪና ሥራ ከ60 ቮልት በላይ የሆነ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ይባላል። የብዙ መኪናዎች ባትሪ ወደ 400 ቮልት ነው፤ 800 የሚደርሱም አሉ። መኪናው ቢጠፋም ባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ሰው የት እንደሚበሳ ሳያውቅ ትራፓኖ ይዞ ከስር ሲገባ ያለመፍራቱ ጀግንነት አይባልም።

ትክክለኛው አሠራር ይህን ይመስላል። ጋሻው ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች ይታሰራል፤ አይበሳም፣ በባትሪው አጠገብም ብየዳ አይደረግም። መኪናው የሚነሳው አምራቹ ባመለከታቸው ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፤ ክሪክ በባትሪው ላይ ካረፈ ጋሻው ሳይገጠም ጉዳቱ ደረሰ። ብሎኖቹ የሚጠብቁት ኃይል በሚለካ ቁልፍ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ክፍል መንካት ወይም መፍታት ካስፈለገ ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ይሆናል፤ እርሱ ኃይሉን ያቋርጣል፣ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ይጠብቃል፣ እስከ 1,000 ቮልት የተፈተነ ጓንት ያደርጋል፣ መቋረጡንም በመሣሪያ ያረጋግጣል።

ሕጉም ከሠራተኛው ጋር ነው። በ1999 በወጣው ደንብ መሠረት አሠሪው በሥራው ላይ ስላሉት አደጋዎች ሠራተኛውን ማሠልጠን፣ መረዳቱን ማረጋገጥና የአደጋዎቹን ማጠቃለያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሥልጠናው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይደገማል። ዕብራይስጡ ከብዶህ ከሆነ «አልገባኝም» ማለት መብትህ ነው፤ ሳይገባህ አትፈርም። በ1997ቱ ደንብ መሠረት የአደጋ መከላከያ ዕቃ የሚያቀርበው አሠሪው ነው። በ2002 በወጣው ሕግ ደግሞ ሥራ በጀመርክ በ30 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታህን በጽሑፍ መቀበል አለብህ። ወንድማችን ገና ሦስት ሳምንቱ ስለሆነ ይህን ወረቀት አሁኑኑ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ይህን ስንል ከዚህ ሙያ ራቁ ማለታችን አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዳችን እየበዛ ነው፤ እውቀቱ ያለው ሰው ሥራ አያጣም። በከተማችን የሙሳክ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች የሥራ ሚኒስቴር ስለሚያውቃቸው የሙያ ሥልጠናዎች (ሀክሻራ ሚክጾዒት) በቅጥር ቢሯቸው ይጠይቁ። ኮርሱ ሃይብሪድና ኤሌክትሪክ መኪናን ያካትት እንደሆነ፣ በመጨረሻው የሚሰጠው ሰርተፍኬት በማን እንደሚታወቅና ወጪውን የሚሸፍን ቫውቸር ይገኝ እንደሆነ ከመመዝገብ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሆዱ በድንጋይ ቢመታስ?

ጋሻ ቢኖርም ባይኖርም ከባድ ምት ከተሰማ ከመንገድ ወጥተው ይቁሙ። የማስጠንቀቂያ መብራት፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ፣ ያልተለመደ ሽታ ወይም ጭስ ካለ ሁሉም ሰው ወርዶ ይራቅ፤ 102 ወደ እሳት አደጋ ይደውሉ፣ መኪናው የኤሌክትሪክ መሆኑንም ይንገሩ። ምንም ምልክት ባይታይም መኪናውን ከሕንፃ ስር ባለ መኪና ማቆሚያ አያሳድሩት። የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ ከሰዓታት አልፎ ከቀናት በኋላም ሊቃጠል ይችላል። የሚጎትተውን ሰው ይንገሩ፣ የባትሪ ምርመራም ያስደርጉ።

አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችን

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ «የሆድ ጋሻ ላኩልን» የሚሉ ዘመዶች አሉ። የኮረኮንች መንገድና ምልክት የሌለው የፍጥነት መቀነሻ ባለበት ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመላክዎ በፊት ግን የመኪናውን ትክክለኛ ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ይጠይቁ፤ ስሙ አንድ ሆኖ የባትሪው ቅርጽ የሚለያይ መኪና ብዙ ነው። እዚያ ላሜራ አስቆርጠው የሚሠሩ ከሆነም ሦስቱን ቃላት ይንገሯቸው፦ አይበሳ፣ በባትሪው ስር አይበየድ፣ መተንፈሻው አይዘጋ።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ጋሻው ለመኪናዬ ሞዴልና ዓመት የተሠራ ነው? በወረቀት ይጻፍልኝ።
2. የሚታሰረው በፋብሪካው ቀዳዳ ነው ወይስ ይበሳል?
3. ክብደቱ ስንት ኪሎ ነው?
4. ከባትሪው ስንት ሴንቲሜትር ይርቃል? ውሃው የት ይወጣል?
5. ፈቃድ ያስፈልገዋል? ካስፈለገው ማን ያወጣል?
6. የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋና የመግጠሚያው ዋጋ ለየብቻ ስንት ነው?
7. የሚገጥመው ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሥልጠና አለው?

አባታችን እነዚህን ጥያቄዎች ለሻጩ ላኩለት። ዋጋው ተለያይቶ ሲመጣ ከ11,000 ሸቀሉ የሚበልጠው ድርሻ የፊት ብረቱና ከፍ ማድረጊያው ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ለእርሳቸው መንገድ አያስፈልጉም። «ይበሳል?» ለሚለው ጥያቄ ሻጩ መልስ አልሰጠም፤ እርሳቸውም አልከፈሉም። በመጨረሻ ለሞዴላቸው የተሠራ፣ ያለ ቀዳዳ የሚታሰር የአልሙኒየም ጋሻ ብቻ ከሌላ ቦታ አዘዙ።

ልጃቸውም ለአለቃው ጥያቄውን በጽሑፍ አቀረበ። ሥልጠናው እስኪሰጥ ድረስ በቤንዚን መኪናዎች ላይ እንዲሠራ ተስማምተዋል። «አባዬ፣ የአንተን ጋሻ ግን ሠልጥኜ እኔው ነኝ የምፈትሸው» እንዳላቸው አባት እየሳቁ ነገሩን።

እናንተም እንዲህ ያለ የዋጋ ወረቀት ደርሷችሁ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ላኩልን፤ አብረን እናነበዋለን።